የኮት ኮሌታ ጌጥ ስትመርጡ መጀመሪያ ኮሌታውን እጠፉት

ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ዓይን የሚስብ ጥለት ኮት ላይ ሲወጣ የሚጨማደደው ብዙ ጊዜ በልብስ ሰፊው ጥፋት አይደለም። ጠረጴዛው ጠፍጣፋ ነው፤ ኮሌታ ግን አንገት ይዞራል፣ ደግሞም ወደ ውጭ ይታጠፋል። ስለዚህ ኮሌታ ላይ የሚሰፋ ጌጥ መጀመሪያ የሚፈተነው እንዴት እንደሚጎብጥ፣ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆንና ከኮቱ ጨርቅ ጋር መስማማቱ ነው። ቀለሙና ሐረጉ ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ። እዚህ የምጽፈው በእጅ ለተሰፋ ወይም በመሰፋት ላይ ላለ ኮት ነው፤ ጨርቁ ሱፍም ይሁን ባና፣ ጋቢም ይሁን ወፍራም ጥጥ።

ባሕር ዳር ላይ ኮት የሚለበስበት መንገድ ራሱ ግማሹን ምርጫ ይወስናል። ጠዋት የሐይቁ ንፋስ ሲበረታ ወይም ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ሲሳፈሩ ይለበሳል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲጠነክር ይወልቃል። ከዚያ በኋላ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል፣ ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ላይ ይታጠፋል፣ ወንበር መደገፊያ ላይ ይሰቀላል። ኮሌታው በዚህ ሁሉ ይታሻል፤ የታችኛው ገጽም ከላይኛው እኩል ለዓይን ይጋለጣል። ስለዚህ ከባድ፣ የሚሰበር ወይም ከታች የስፌት ጥልፍልፍ የሚተው ጌጥ ለዚህ ከተማ ኮት አይመቸኝም። ቀላል፣ ጠፍጣፋና ስፌቱ ወደ ታችኛው ኮሌታ የማይዘልቅ ይሻላል።

ሌላው ነጠላ ነው። ኮት ላይ ነጠላ የምትደርብ ሴት ኮሌታዋ ላይ ዶቃ ወይም ሻካራ የወርቅ ክር ካለ ነጠላው በሳምንት ውስጥ ክሩ ይመዘዛል። ፈተናው ቀላል ነው። ያረጀ ነጠላ ቁራጭ ውሰዱና ጌጡ ላይ ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ ጎትቱት፤ አንድ ክር እንኳ ከያዘ ያንን ጌጥ ተዉት። ከዚያ ያንኑ ጌጥ በክንዳችሁ የውስጥ ገጽ ላይ አሹት። ክንድ ላይ የሚቧጭር ነገር ኮሌታ ቀና ሲደረግ አገጭና ጉንጭ ላይ የባሰ ይቧጭራል።

ስለ ስፋቱ። የሚታጠፍ ኮሌታ ሁለት ክፍል አለው፤ አንገት ላይ የሚቆመውና ወደ ውጭ የሚወድቀው። የሚቆመው 3 ሴ.ሜ. ቢሆን የሚወድቀው ከ5.5 እስከ 6 ሴ.ሜ. ይሆናል፤ ካልበለጠ የአንገቱን ስፌት አይሸፍነውም። ጌጡ የሚያርፈው የሚወድቀው ክፍል ላይ ነው። ስፋቱ ከዚያ ክፍል አንድ ሦስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 6 ሴ.ሜ. ላይ 2 ሴ.ሜ. ማለት ነው። 3 ሴ.ሜ. የሆነ ጥለት የተሰፋበት ኮሌታ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ይደድርና አልወድቅ ይላል። ሰፊ ጥለት ከወደዳችሁ ለኮሌታው ሳይሆን ለእጅጌው ጫፍ ወይም ለፊቱ ጠርዝ አድርጉት፤ እዚያ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ የሚከለክለው የለም። ቆሞ ለሚቀር፣ ለማይታጠፍ ኮሌታ ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሴ.ሜ. ይበቃል፤ ከላይኛው ጠርዝ 5 ሚ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይሰፋ፣ አለዚያ ቆዳ የሚነካው ራሱ ጌጡ ይሆናል።

አሁን ወደ ጌጦቹ። ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ጥለት ነው፤ ብዙ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ነጠላ ወይም ቀሚስ ዳር ላይ የምናየው ጥለት የሚሠራው ሸማኔው ከመደቡ ማግ ጋር ሌላ ባለቀለም ክር እያስገባ ነው። የሸማው ጫፍ ላይ ያለው ጥለት ርዝመቱ የሸማው ወርድ ያህል ብቻ ነው፤ ባህላዊ ሸማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወርዱ ከአንድ ሜትር ያንሳል። ከዚያ ላይ ቆርጣችሁ ኮሌታ ላስጊጥ ብትሉ ሁለት ችግር ይገጥማችኋል። አንደኛ፣ ሁለቱም ረጃጅም ጎኖቹ የተቆረጡ ስለሆኑ ድሩ ይተረተራል። ሁለተኛ፣ ርዝመቱ ላይደርስ ይችላልና መቀጠል ይመጣል። መቀጠል ግድ ከሆነ የሚቀጠለው ከአንገት ኋላ፣ መሃል ላይ ብቻ ነው፤ ትከሻ ላይ የተቀጠለ ሁልጊዜ ይታያል።

የተሻለው መንገድ ሸማኔ ጋ ሄዶ ጠባብ ጥለት በድሩ ርዝመት ማሠራት ነው። እንዲህ የተሠራ ጥለት በሁለቱም በኩል የራሱ ዳር ይኖረዋል፤ አይተረተርም፣ ርዝመቱም በድሩ ልክ ነው። ስታዙ አራት ነገር ንገሩት፤ ስፋቱን (2 ሴ.ሜ.)፣ ርዝመቱን (ለአንድ ኮሌታ 1 ሜትር፣ ለእጅጌም ከሆነ 2 ሜትር)፣ አንዱ ሐረግ ከነክፍተቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚደገም፣ ከኋላ ደግሞ የሚንጠለጠል ክር እንዳይበዛ። የመጨረሻውን ሰዎች አይናገሩትም፤ ከኋላ የተዘለሉት ክሮች ረጃጅም ሲሆኑ ግን ጥለቱ ይወፍርና ካውያ ሲያልፍበት ጉብታው ፊት ለፊት ይወጣል። የሽመና ሥራ ለማየት ከባሕር ዳር ወጣ ማለት ለሚፈልግ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በፎገራ ወረዳ ያለው ዓውራምባ በሽመናው የታወቀ ነው፤ እዚያ ሄዶ ሸማ በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶ መምረጥ ይቻላል።

ጥለት ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ቀጥ ብሎ የተሠራ ነገር ወደ ጎን አይጎብጥም። የኮሌታው የውጭ ጠርዝ ቀጥ ያለ ወይም ለጥቂት ብቻ የጎበጠ ከሆነ ጥለት ያምርበታል። ክብ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሕፃን ኮት ወይም ጫፍ አልባ ክብ ኮሌታ ከሆነ ጥለትን ተዉት። ለመፈተን አፉ 20 ሴ.ሜ. ገደማ የሆነ ሰሐን ገልብጡና 30 ሴ.ሜ. ያህል ጥለት ጠርዙን አስይዛችሁ በጠፍጣፋው ላይ አስተኙት። የውስጡ ጎን ጥቂት ብቻ ከተሸበሸበ በካውያ እንፋሎት ይገባል። ሞገድ እየሠራ ቀና ካለ ግን ምንም ያህል ብትወሰውሱት አይተኛላችሁም።

ለክብ ኮሌታ የተጎነጎነ ክር ወይም በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ነው መድኃኒቱ። ጉንጉን በየአቅጣጫው ይጎብጣል፣ ከ4 እስከ 8 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ደግሞ በጠባብ ዙር ላይ እንኳ ይተኛል። ጉድለቱ ሁለት ነው፤ ሲጎተት ይረዝማል፣ ሲቆረጥ ይፈታል። ከመቁረጣችሁ በፊት የሚቆረጥበትን ቦታ ግራና ቀኝ በክር አምስት ስድስት ዙር ጠምጥማችሁ እሰሩ፣ ከዚያ በመካከሉ ቁረጡ። በሰያፍ የሚቆረጥ ጨርቅ ማለት ድርና ማጉን በእኩል አቋርጦ፣ በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ማለት ነው፤ እንዲህ የተቆረጠ ማንኛውም ጨርቅ ይለጠጣል፣ ይጎብጣልም። ሲያልቅ 1.5 ሴ.ሜ. የሚሆን ጌጥ ለማግኘት 3.5 ሴ.ሜ. አድርጋችሁ ቁረጡና በሁለቱም በኩል 1 ሴ.ሜ. ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በካውያ አስተኙት። ከመስፋታችሁ በፊት የኮሌታውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሥላችሁ በዚያ መስመር ላይ እያጎበጣችሁ ተኩሱት፤ ቅርጹን ይዞ ይቀራል።

ከፋይም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ለጥቁርና ለወይን ጠጅ ኮት ከከፋይ የተሻለ ነገር ብዙ አላውቅም። የሙሽራ ካባ ከፋይና የወርቅ ጥልፍ አብሮ የሚሄደው በከንቱ አይደለም፤ ከፋይ ብርሃን ይውጣል፣ ወርቁ ያንጸባርቃል። ኮሌታ ላይ ግን የከፋይ ፀጉር አቅጣጫ አለው። ግራው ወደ ላይ፣ ቀኙ ወደ ታች ከሆነ አንዱ ጎን የደበዘዘ ይመስላል። መቁረጫው ላይ በሳሙና ቁራጭ ቀስት አድርጉበት። ስትተኩሱት ፊቱን ወደ ታች ወፍራም ፎጣ ላይ አድርጋችሁ ከኋላው፣ ካውያውን ሳትጫኑ፣ እንፋሎቱን ብቻ ስጡት። አንዴ የተጫነ ከፋይ የካውያውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል።

ኪሮሽ የምትሠራ ሰው ካለች ለነጭ የጋቢ ኮት የሚያክለው የለም። ኪሮሽ እንደ ጥለት አይጋደልም፤ ዙሩ ላይ በየጥቂት ጥልፉ አንድ ጥልፍ እየተጨመረ የውጭው ጎን ከውስጡ እንዲረዝም ማድረግ ይቻላል። ቅርጹ ከመነሻው የኮሌታው ቅርጽ ይሆናል ማለት ነው። ጥብቅ አድርጋችሁ ሥሩት፤ ልል የሆነ ዳንቴል ኮት ላይ ይንጠለጠልና የተረሳ ነገር ይመስላል። በወፍራም ባና ላይ ግን ቀጭን ዳንቴል አይሄድም፤ ባናው ይውጠዋል።

ጥልፍ በቀጥታ በላይኛው ኮሌታ ላይ ከተጠለፈ የመጎበጥ ጣጣ የለበትም። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ጥልፍ ጨርቅ ይሰበስባል። ስለዚህ ኮሌታውን ቅርጹ ላይ ሳትቆርጡ፣ በዙሪያው 3 ሴ.ሜ. ትርፍ ያለው ቁራጭ ላይ መስመሩን ሣሉና ጥለፉ፤ ጥልፉ ካለቀና ከተተኮሰ በኋላ የወረቀቱን ልክ እንደገና አስቀምጣችሁ ቁረጡ። ቆዳና የበግ ፀጉር ያምራሉ፣ ግን ውሃ አይወዱምና የሚታጠብ ኮት ላይ አይሰፉም።

ለሐረግና ለቀለም መነሻ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የተሳሉትን መጎናጸፊያዎች ጠርዝ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የእመቤታችን መጎናጸፊያ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ወይም ወርቃማ ሆኖ ይገኛል። ለጥቁር ሰማያዊ ኮት 1 ሴ.ሜ. ብቻ የሆነ ወርቃማ ጠርዝ የሚበቃው ለዚህ ነው፤ ጠቆር ካለ መደብ ላይ ቀጭን ብሩህ መስመር ከሩቅ ይለያል። ለግራጫ ባና ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር አረንጓዴ፣ ለቡናማ ደግሞ ቢጫ ሳይሆን የማር ቀለም እመርጣለሁ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አንድ ላይ ያለው ጥለት ኮቱን የበዓል ያደርገዋል፤ ለጥምቀት ይሁን፣ ለሥራ ቦታ ግን ይከብዳል። የመስቀል ሐረግ ከሆነ የሚለብሰውን ሰው ጠይቁ፤ ኮሌታ ላብ የሚነካው፣ ኮቱም ሲወልቅ በየቦታው የሚቀመጥ ስለሆነ የማይወዱት አሉ። ቀለሙን ሱቅ ውስጥ ባለው መብራት አትመኑት፤ የኮቱን ጨርቅ ቁራጭ ይዛችሁ ደጅ ውጡና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከሦስት ሜትር ርቀት ተመልከቱ። ከቅርብ ያማሩ ሦስት አራት ቀለሞች ከዚያ ርቀት አንድ የቆሸሸ ቀለም ሆነው ሊታዩ ይችላሉ።

ሳትገዙ 10 ሴ.ሜ. ቁራጭ ለምኑ ወይም ግዙ። ሱቁ ካልቆረጠላችሁ እንኳ ትርፍ ግዙና ቤት ቁረጡ፤ ይህን ፈተና መዝለል የለባችሁም። ቁራጩ ላይ በትክክል 10 ሴ.ሜ. ለክታችሁ በክር ምልክት አድርጉ። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በሁለት ነጭ ጨርቅ መሃል አድርጋችሁ ጨምቁ፣ እዚያው መሃል እንዳለም ተኩሱት። ነጩ ላይ ቀይ ወይም ጥቁር ከወጣ ጥለቱ ለነጭ ኮት አይሆንም። ጨው ውሃ ውስጥ ቢጨመር ቀለሙ ይያዛል የሚለውን አትመኑበት፤ ለተነከረ ክር ዋስትና አይሆንም። ከደረቀ በኋላ ምልክቱን ለኩ። 9.5 ሴ.ሜ. ከሆነ ከመቶ አምስት ገብቷል፤ ሳይታጠብ 73 ሴ.ሜ. ኮሌታ ላይ ቢሰፋ ኖሮ በመጀመሪያው እጥበት 3.65 ሴ.ሜ. ይሸሽ ነበር። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ከፋብሪካ ክር ይልቅ የመግባት ጠባይ አለው፤ ስለዚህ ሙሉውን ጥለት ከመስፋት በፊት አንዴ አጥቦ በጥላ ማድረቅ ነው። የኮቱ ጨርቅም እንዲሁ መታጠብ አለበት። ባና ከሆነ ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይታሽ፤ ሱፍ በሙቅ ውሃና በማሸት ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፣ ወደ ነበረበት አይመለስም። ኮቱ ላውንደሪ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የፕላስቲክ ዶቃና በሙጫ የተለጠፈ ጌጥ አታድርጉበት፤ የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ፕላስቲኩን ያጣምማል፣ ሙጫውንም ያላቅቃል።

ልክ አወሳሰድ ላይ ብዙ ሰው ኮሌታውን በውስጡ መስመር ይለካና ያጥርበታል። ሜትሩን በጠርዙ አቁማችሁ በውጭው መስመር ለኩ። ጌጡ ራሱ ከጠርዙ 5 ሚ.ሜ. ገባ ይበል፤ ጠርዙ ላይ በቀጥታ ከተሰፋ የሚበላው እሱ ይሆናል። ምሳሌ ልስጥ። የኮሌታው የውጭ ጠርዝ በጀርባ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ 57 ሴ.ሜ.፣ ሁለቱ የጎን ጠርዞች እያንዳንዳቸው 9 ሴ.ሜ. ናቸው እንበል። ከመሃል ጀርባ እስከ ጫፉ 28.5 ሴ.ሜ. ነው፤ 5 ሚ.ሜ. ስንገባ 28 ይቀራል። ጎኑም 8.5 ይሆናል። የጌጡ መስመር በሁለቱም በኩል 28 እና 8.5፣ ድምሩ 73 ሴ.ሜ. ነው። ለሁለቱ ጫፎች መግቢያ 4፣ ሐረግ ለማስተካከል አንድ ድግግሞሽ 4፣ ለልቅነት 4 ሴ.ሜ. ስንጨምር 85 ይመጣል። 1 ሜትር ግዙ።

ሐረግ ማስተካከል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሥራው ጥራት የሚታየው እዚህ ነው። ሰው ፊታችሁ ሲቆም የሚያየው ሁለቱን የኮሌታ ጫፎች ጎን ለጎን ነው፤ አንዱ ላይ ሙሉ አልማዝ፣ ሌላው ላይ ግማሽ ካለ ወዲያው ያያል። ሐረጉ 3 ሴ.ሜ.፣ ክፍተቱ 1 ሴ.ሜ. ቢሆን በየ4 ሴ.ሜ. ይደገማል። የክፍተቱን መሃል በኮሌታው መሃል ጀርባ ላይ ብታስቀምጡ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ክፍተት ይመጣል፤ 28 ላይ ያለው የጫፉ መታጠፊያ በትክክል ክፍተት ላይ ያርፋል፣ ሐረጉ አይሰበርም። የሐረጉን መሃል ጀርባ ላይ ብታደርጉ ግን እዚያው 28 ላይ የሐረግ መሃል ይመጣና መታጠፊያው ለሁለት ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመሃል ጀርባ ጀምራችሁ ሁለቱንም መንገድ በስፒል ሞክሩና ጫፉን ተመልከቱ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢጎድል ጌጡን ከጠርዙ ገባ ወይም ወጣ በማድረግ ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጌጡን በመጎተት አታስተካክሉት፤ የተጎተተ ጌጥ በኋላ ተሰብስቦ ኮሌታውን ያጣምማል።

ስፌቱ የሚቀለው ኮሌታው ሳይገጠም፣ የላይኛው ኮሌታ ብቻውን ሳለ ነው። ያኔ የጌጡ ስፌት ከታችኛው ኮሌታ ጋር አይገናኝም፣ ኮቱ ሲወልቅም ከታች ንጹሕ ሆኖ ይታያል። የላይኛው ኮሌታ ከታችኛው በዙሪያው 3 ሚ.ሜ. ይብለጥ፣ ጨርቁ ባና ከሆነ 4፤ ውፍረቱን የሚዞርበት ትርፍ ያስፈልገዋል። ማጠንከሪያው ጨርቅ ከገባ በኋላ ፎጣ ጠቅልላችሁ የአንገት ውፍረት አድርጉና ኮሌታውን ልክ እንደሚለበሰው በላዩ አዙሩት፣ እጠፉትም። ጌጡን በስፒል የምትይዙት እዚህ ላይ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ጌጡ በጉብታው የውጭ በኩል ስለሚያርፍ ከጨርቁ ትንሽ ይረዝም ዘንድ ግድ ነው፤ በጠፍጣፋ ተይዞ የተሰፋ ጌጥ ያጥርና የኮሌታውን ጫፎች ወደ ላይ ያቆማቸዋል። ጫፉ እንደ ደረቀ ቅጠል ቀና ያለ ኮሌታ ያያችሁ እንደሆነ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ካውያ አያድነውም። ከጫፉ ግራና ቀኝ 10 ሴ.ሜ. ያህል ተርትራችሁ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ልል አድርጋችሁ መልሱት።

ከስፒል በኋላ በ1 ሴ.ሜ. ርቀት ወስውሱትና ስፒሉን አውጡ። ስፌት መኪና ላይ 90 ቁጥር መርፌ፣ ለባና 100፣ የጥልፉ ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚ.ሜ.። የመጫኛ እግሩን ጫና ቀንሱት፤ አለዚያ የላዩን ጌጥ ወደፊት እየገፋ ያሸበሽበዋል። መጀመሪያ የውጭውን ጎን ስፉ፣ ከዚያ የውስጡን፤ ሁለቱንም ደግሞ ከአንድ ጫፍ ተነስታችሁ በአንድ አቅጣጫ። አንዱን ሄዳችሁ ሌላውን ከተመለሳችሁ ጌጡ በመሃል በሰያፍ ይጠማዘዛል፣ ይህም ከሩቅ የሚታይ ነው። ጫፉ ላይ ስትደርሱ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደሰካችሁ አቁሙ። ጌጡን በራሱ ላይ ወደ ኋላ እጠፉት፣ ከዚያ ወደ ጎኑ አዙሩት፤ በሰያፍ የሚወጣውን እጥፋት በጥፍር አስተኙና ቀጥሉ። ጥለቱ ወፍራም ከሆነ ይህን እጥፋት ከኋላው በሰያፉ ላይ ሰፍታችሁ ትርፉን 5 ሚ.ሜ. አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ጠርዙንም ዘምዝሙት። የኮሌታው ጫፍ በጣም ሹል ከሆነ ከ1.5 ሴ.ሜ. በላይ የሆነ ጌጥ እዚያ ላይ እብጠት ይፈጥራል።

በእጅ ለምትሰፉ አንድ ፈርጅ ክር ይበቃል፤ ርዝመቱ ከ50 ሴ.ሜ. አይብለጥ። በሰም ወይም በጧፍ ቁራጭ ላይ ሁለት ጊዜ ጎትቱትና በሁለት ወረቀት መሃል ካውያ አሳልፉበት፤ አይቋጠርም፣ ቶሎም አይላላም። በየ5 ሚ.ሜ. ስውር ስፌት፣ የጌጡን ዳር ብቻ እያነሳችሁ፣ ከስር የላይኛውን ኮሌታ ብቻ እየያዛችሁ። የጌጡ ሁለት ጫፎች ወደ አንገቱ ስፌት ይገባሉ። እዚያ ላይ ጨርቁ ተደራርቦ እንዳይጎርብ የጌጡን ትርፍ 5 ሚ.ሜ.፣ የላይኛውን ኮሌታ 8 ሚ.ሜ.፣ የኮቱን 12 ሚ.ሜ. አድርጋችሁ በደረጃ ቁረጡ። ሲያልቅ ፊቱን ወደ ታች ፎጣ ላይ አድርጋችሁ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉና ተኩሱ፤ የወርቅ ክር ወይም ሰው ሠራሽ ክር ካለበት ካውያው ለብ ያለ ብቻ ይሁን፣ ያለዚያ ክሩ ይቀልጣል ወይም ይጠቁራል።

ፀጉሯን ቅቤ ለምትቀባ ወይም ኮቱን አዘውትሮ ለሚለብስ ሰው የሚወልቅ ጌጥ እመክራለሁ። ኮሌታ ከኮቱ ሁሉ ቀድሞ ይቆሽሻል፤ ለእሱ ብሎ ሙሉ ኮት ማጠብ ጨርቁን ይጎዳል። ጌጡን በቀጥታ ኮቱ ላይ ከመስፋት የኮሌታውን የውጭ መስመር ቅርጽ ይዞ በተቆረጠ፣ ስፋቱ ከጌጡ 2 ሚ.ሜ. በሚያንስ ቀጭን ጥጥ ላይ ስፉት። ማያያዣው ጠቅ የሚል 7 ሚ.ሜ. ቁልፍ ነው። በላይኛው ምሳሌ ልክ አንድ መሃል ጀርባ ላይ፣ ከዚያ በየ7 ሴ.ሜ. እስከ ጫፉ በያንዳንዱ ጎን አራት፣ በመጨረሻ አንገቱ ጋ አንድ አንድ፤ በጠቅላላው 11 ጥንድ። ጠፍጣፋው ግማሽ ኮቱ ላይ፣ ጉብ ያለው ጌጡ ላይ ይሁን፤ ጌጡ ሲወልቅ ኮቱ ላይ የቀረው አይታይም። በኮቱ ቀለም ክር እያንዳንዱን ቀዳዳ አራት አራት ጊዜ ስፉ፣ የታችኛውን ኮሌታ ግን አትውጉ። ቁልፍ መትከል ካታከታችሁ በረጃጅም ጥልፍ በእጅ ጠልፋችሁ ለእጥበት መተርተርም ይቻላል።

ቅቤ የነካውን ጌጥ በቀጥታ ውሃ ውስጥ አትክተቱት። መጀመሪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በደረቁ ቀብታችሁ 15 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ቅርጹን በእጅ እያስተካከላችሁ በጥላ አድርቁት፤ ገመድ ላይ ከተሰቀለ ይረዝማል፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ቀዩን ቶሎ ያነጣዋል። በክረምት ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት ማድረቁ እስከ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሳይደርቅ ኮቱ ላይ ከተመለሰ እርጥበቱ ወደ ማጠንከሪያው ይገባና ኮሌታው ይሻግታል፤ ስለዚህ የጌጡን ጀርባ ጉንጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ቅዝቃዜ ከተሰማችሁ አንድ ሌሊት ይደር።